የሴት ገላ፣ የሰው ዓይንና የመሐንዲስ ድርሻ

(በሺንሺቾ ከተማ በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)





በዚህ ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ትምህርቴም ሥራዬም የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ስለ ሆነ፣ ስለ መብራት መቆራረጥ ወይም ስለ ትራንስፎርመር መቃጠል እንደምናገር ሳይገመት አልቀረም። አርእስቱ ሲነበብ ከኋላ ወንበሮች የተሰማውን ሣቅ እኔም ሰምቼዋለሁ። አልተቀየምሁም። እንዲያውም ያ ሣቅ ራሱ የንግግሬ ክፍል ነው። የሴት ገላ በተነሣ ቁጥር እኛ ወንዶች ለምን እንደምንሥቅ፣ ሴቶችስ ለምን አንገታቸውን እንደሚደፉ አብረን እንድንመረምር ነው የመጣሁት።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት አንድ መሥሪያ ቤት ከእኛ ጋር የተመደበች ወጣት መሐንዲስ ነበረች። የኤሌክትሪክ መስመር በሚዘረጋበት ቦታ ሁሉ በጭቃውም በዝናቡም ከወንዶቹ እኩል ትውል ነበር፤ በልኬት ጥንቃቄ ግን ከሁላችንም ትበልጥ ነበር። አንድ ቀን በሥራ ላይ ሳለች ሳታውቅ ፎቶግራፍ ተነሣች። ፎቶግራፉ ተቆራርጦ፣ ከሥሩም ቀልድ ተጽፎበት፣ እኛ የመሥሪያ ቤቱ ወንዶች በቴሌግራም በምንገናኝበት ቡድን ውስጥ ተለጠፈ። ምስሉ ምን ይመስል እንደ ነበር አልገልጽም። በምሳ ሰዓት አየሁት፤ የሣቅ ምልክት አኖርሁበት፤ ስልኬን ወደ ኪሴ መልሼ ምሳዬን ቀጠልሁ። በሦስተኛው ቀን ወሬው ከእርሷ ጆሮ ደረሰ። ወደ እኔ መጥታ፣ «አንተም አይተኸው ነበር?» አለችኝ። «አላየሁም» አልኋት። በወሩ ከመስክ ሥራ ወደ መዝገብ ቤት እንድትዛወር ማመልከቻ አስገባች፤ አለቆቻችንም ምክንያቱን ሳይጠይቁ ፈቀዱላት።

አገር ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማራት መሐንዲስ ከሙያዋ የራቀችው በዕውቀት ማነስ አይደለም፤ በጉልበት ማነስም አይደለም። በአንድ ፎቶግራፍና በሃያ ሰዎች አውራ ጣት ነው። ከእነዚያ አውራ ጣቶች አንዱ የእኔ ነበር።

ይህን የጥቂት ባለጌዎች ጥፋት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔም ለብዙ ጊዜ በዚህ ሐሳብ ራሴን አጽናንቻለሁ። ይሁን እንጂ ጉዳዩን እየመረመርሁ በሄድሁ መጠን ነገሩ ከአንድ መሥሪያ ቤት ነውር የሰፋ፣ ከሙያችንም ታሪክ ጋር የተሳሰረ ሆኖ አገኘሁት።

በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የምስል ትምህርት ስንማር፣ ምስልን ለመጨመቅም ሆነ ለማጥራት የሚሠራ ስሌት ሁሉ የሚፈተንበት አንድ ሥዕል ነበር። ባርኔጣ የደፋች፣ በትከሻዋ ላይ ዞራ የምትመለከት ሴት ናት፤ ስሟም «ሌና» ይባላል። የመጽሐፉ ገጽ ሁሉ በእርሷ ፊት የተሞላ ነበር። ሥዕሉ ከወዴት እንደ መጣ የነገረን መምህር አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ኋላ እንደ ተረዳሁት ሥዕሉ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1972 ከታተመ «ፕሌይቦይ» ከተባለው የራቁት ሴቶች መጽሔት ነው። በ1973 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ለሙከራ የሚሆን ፎቶግራፍ ቢያስፈልጋቸው፣ ከእጃቸው የተገኘውን ያንኑ መጽሔት ቀድደው የላይኛውን ክፍል ብቻ 512 በ512 ፒክስል አድርገው ወደ ኮምፒዩተር አስገቡት። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ተቀባበለው። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር የኮምፒዩተር ክፍል ይህ ሥዕል ያለበትን ጽሑፍ አልቀበልም ያለው እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ምሳሌው በዚህ አያበቃም። ጉግል የተባለው ድርጅት የምስል መፈለጊያውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የድርጅቱ መሪ የነበሩት ኤሪክ ሽሚት በ2015 እንደ ጻፉት፣ ሐሳቡን ያመጣው በ2000 ዘፋኟ ጄኒፈር ሎፔዝ ለብሳው የታየችው አረንጓዴ ቀሚስ ነው፤ ያን ቀሚስ ለማየት የፈለገው ሕዝብ ብዛት መሐንዲሶቹን አስገደዳቸው። ኋላ ፌስቡክን የመሠረተው ማርክ ዙከርበርግም በ2003 በሃርቫርድ ተማሪ ሳለ፣ የተማሪዎችን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዳቸው ወስዶ ጥንድ ጥንድ እያደረገ «የትኛው ይበልጥ ይማርካል?» የሚል ገጽ ሠርቶ ነበር።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው መሣሪያዎቹ ሁሉ ለክፋት ተሠሩ ለማለት አይደለም። የምስል መፈለጊያው ለሐኪሙም ለመምህሩም ጠቅሟል። ነገር ግን መሣሪያው ሲታሰብ በክፍሉ ውስጥ ከተቀመጡት የሚበዙት ወንዶች ነበሩ፤ ሴቲቱ የነበረችው በሥዕሉ ውስጥ ነው። የፊልም ሐያሲዋ ላውራ መልቪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመችው ጽሑፍ የካሜራው ዓይን የወንድ ዓይን ሆኖ እንደሚሠራ አስረድታ ነበር። እርሷ የተናገረችው ስለ ሲኒማ ነው፤ ነገሩ ግን በዛሬው ስልክ ላይ ይበልጥ ይታያል።

እንግዲህ ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ያለው መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልግለጽ። ዛሬ ጧት ተናጋሪው ማይክሮፎኑን ወደ ድምፅ ማጉያው ቢያስጠጉት አዳራሹ በፉጨት እንደ ተናወጠ ታስታውሳላችሁ። ማጉያው ያወጣውን ድምፅ ማይክሮፎኑ መልሶ ያስገባዋል፤ ማጉያው እንደ ገና ያጎላዋል፤ ጥቂቱ ድምፅ በቅጽበት ጩኸት ይሆናል። የማኅበራዊ መገናኛዎችም ሥርዐት ከዚህ አይለይም። መሣሪያው ነውርንና ክብርን አያውቅም፤ የሚያውቀው አውራ ጣታችን የት እንደ ቆመና ለስንት ሰከንድ እንደ ቆመ ነው። የቆምንበትን ለሌላው ያሳያል፤ ሌላውም ሲቆም ለብዙዎች ያሳያል። ምስሉን ያቀረበችውም ልጅ ልብስ ስትቀንስ ተመልካች እንደሚጨምር ከውጤቱ ትማራለች። ማንም «ልብስሽን አውልቂ» ያላት የለም፤ ዳሩ ግን ሥርዐቱ በየቀኑ ይነግራታል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። አልጎሪዝምዎች የተባለ በጀርመን አገር የሚገኝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 የኢንስታግራምን አሠራር ለመፈተን ባደረገው ጥናት፣ በውስጥ ልብስ ወይም በዋና ልብስ የታዩ ሴቶች ምስል ለተከታዮች የመድረስ ዕድሉ በ54 ከመቶ፣ ደረታቸውን የገለጡ ወንዶች ምስል ደግሞ በ28 ከመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል፤ የምግብና የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ግን ያነሰ ዕድል ነበረው። የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ድርጅት የጥናቱን ዘዴ ተቃውሟል። ሆኖም በ2021 ፍራንሲስ ሃውገን የተባለች የራሱ የድርጅቱ ሠራተኛ የነበረች ሴት ባወጣቻቸው የውስጥ ሰነዶች፣ ስለ ገላቸው ቅሬታ ካላቸው ልጃገረዶች መካከል ከሦስቱ አንዷን ኢንስታግራም ይበልጥ እንደሚያሳምማት የድርጅቱ አጥኚዎች ራሳቸው ጽፈው ተገኝተዋል።

ከዚህ የከፋም አለ። የለበሰችን ሴት ፎቶግራፍ ተቀብሎ ራቁቷን የሚያስመስል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ፣ በተነሣበት ቁጣ ባለቤቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ አነሣው፤ ሌሎች ግን ተተኩ። በዚያው ዓመት ዲፕትሬስ የተባለ ድርጅት በመረብ ላይ ካገኛቸው ሐሰተኛ ቪዲዮዎች 96 ከመቶው የወሲብ ምስሎች እንደ ነበሩ፣ ለዚሁ በተለዩት ገጾች ላይ የታዩትም ሁሉም ሴቶች እንደ ሆኑ አስታውቋል። ስለዚህ «ራሷን ካልገለጠች ማን ይደርስባታል?» የሚለው አነጋገር ዛሬ አይሠራም። የመሥሪያ ቤታችን ልጅ የራስ ቁርና የሥራ ልብስ ለብሳ ነበር።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፤

አሁን ፌሚኒዝም ስለሚባለው ልናገር። ይህ ቃል በአገራችን ሲነሣ ከውጭ የመጣ፣ ትዳር የሚያፈርስ ነገር ተደርጎ ይታያል። መሠረተ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው፤ ሴት ሙሉ ሰው ናት፣ በገላዋም በሐሳቧም ላይ ባለቤቷ እርሷ ናት የሚል ነው። ይህም ከሩቅ አገር የተሰማ ብቻ ሳይሆን፣ እኛ ዛሬ በተሰበሰብንበት በዚሁ በከምባታ ምድር በተግባር የተሠራ ነገር ነው።

ዶክተር ቦጋለች ገብሬን ከእናንተ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በዚህ አገር ተወልዳ፣ ለሴት ልጅ ትምህርት በማይታሰብበት ዘመን ተምራ፣ እስከ ኢየሩሳሌምና እስከ አሜሪካ ደርሳ የተመለሰች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅቷ ጋር ኬ. ኤም. ጂ. በመባል የሚታወቀውን ድርጅት መሠረተች፤ ሙሉ ስሙ በከምባትኛ የከምባታ ሴቶችን በኅብረት መቆም የሚያመለክት ነው። ዓላማዋም የሴት ልጅ ግርዛትንና የጠለፋ ጋብቻን ማስቀረት ነበር። ነገር ግን ሥራዋን የጀመረችው ሰውን በመንቀፍ አልነበረም። ሕዝቡን «ምን ቸገራችሁ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ ነው አሏት። ድልድዩን አሠራች። እኛ መሐንዲሶች ይህን ልብ ልንለው ይገባል፤ ከባዱ ንግግር የተሻገረው በድልድዩ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎችም፣ እናቶችም፣ ወጣቶችም፣ ገራዦቹም ጭምር በየጊዜው ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ሸንጎ ተዘረጋ። በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ልጅ በሕዝብ ፊት በኩራት ተዳረች። ድርጅቱ በሠራባቸው አካባቢዎች ቀድሞ ሁሉን ያዳርስ የነበረው ግርዛት ከመቶ ከ3 በታች መውረዱ ተነግሮ፣ ዶክተር ቦጋለች ለ2012–2013 የቤልጂጉን የንጉሥ ቦድዊን ሽልማት ተቀበለች። ያረፈችው በ2019 ነው።

ይህን ታሪክ ከዛሬው አርእስት ጋር ምን ያገናኘዋል? የሚል ይኖራል። ያገናኘዋል። ገራዧ ምላጭ ስታነሣ፣ ጠላፊው በመንገድ ዳር ሲሸምቅ፣ ባለስልኩ ሳትፈቅድ ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ሦስቱም በአንድ ሐሳብ ላይ ቆመዋል። ይኸውም የሴት ገላ የሌላ ሰው ንብረት ነው የሚል ነው። አንዱ ሊቆርጠው፣ አንዱ ሊወስደው፣ አንዱ ሊያየው መብት ያለው ይመስለዋል። የመንደሩ ጠላፊ ፈረስና ጓደኛ ያስፈልገው ነበር፤ የዛሬው ጠላፊ የሚያስፈልገው አንድ ጣት ነው።

እዚህ ላይ ግን ከሁለት ስሕተቶች እንጠንቀቅ። አንደኛው ስሕተት መፍትሔው ሴቶችን መሸፈንና መቆጣጠር ነው ማለት ነው። ይህን አገራችን አስቀድማ አይታዋለች። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ትርዒት ሊደረግ ሲል፣ ተማሪዎች አጭር ቀሚስንና የባዕድ ባህልን እንቃወማለን ብለው ተነሡ። ቁጣቸው በጊዜው ስለ ነበረው የባዕድ ተጽዕኖ ቢሆንም፣ ዱላውና ስድቡ ያረፈው ወደ ትርዒቱ በሚገቡት ሴቶች ላይ ነው። ፖሊስ ገባ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ለአገር ነጻነት የተነሡ የተማሩ ወጣቶች የአገርን ክብር በሴት ቀሚስ ርዝመት ለኩት። ዛሬም በየማኅበራዊ መገናኛው አንዲት ልጅ አጭር ለብሳ ስትታይ ከምስሉ ሥር የሚጎርፈው ስድብ የዚያ ልጅ ነው። የሚገርመው፣ ተሳዳቢው ለመሳደብ ሲል ረጅም ጊዜ ስለሚቆም፣ መሣሪያው ስድቡንም እንደ ፍላጎት ቆጥሮ ምስሉን ለሌላ ሺህ ሰው ያደርሰዋል። ነቃፊውም ተመኚውም በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ገበያተኞች ናቸው።

ሁለተኛው ስሕተት የተገላቢጦሹ ነው። «ራሷ መርጣ ገለጠች፤ ምርጫዋ ነጻነቷ ነው» ተብሎ ነገሩ የሚዘጋበት ነው። በፌሚኒስቶችም መካከል ክርክር ያለበት ጉዳይ ነው። ሴት የምትለብሰውን ራሷ ትመርጣለች የሚለውን ያለ አንዳች ማመንታት እቀበላለሁ። ነገር ግን መሐንዲስ እንደ መሆኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ውሃ ቁልቁል ሲፈስ «መርጦ ፈሰሰ» እንላለን ወይስ ተዳፋቱን ማን እንደ ቆረጠው እንጠይቃለን? ሥራ ያጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ስትጨፍር ስጦታ ይዘንብላታል፤ ከስጦታውም ድርጅቱ ድርሻውን ያነሣል። ያችው ልጅ ስለ እንሰት አዘገጃጀት ብታስተምር የሚያያት ጥቂት ነው። እርሷን መውቀስ ቀላል ነው፤ ተዳፋቱን የቆረጠውንና ከሥሩ ቆሞ ውሃውን የሚቀዳውን መጠየቅ ግን ይገባ ነበር።

ይህ ሁሉ ከሴቶቹ አእምሮ ምን ያህል እንደሚወስድ የሚያሳይ አንድ ሙከራ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ብቻቸውን በአንድ ክፍል ገብተው ከፊሎቹ ሹራብ፣ ከፊሎቹ የዋና ልብስ ለብሰው የሒሳብ ፈተና እንዲሠሩ ተደረገ። የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ውጤት ሹራብ ከለበሱት ዝቅ አለ፤ የወንዶቹ ግን አልተለወጠም። ሴቶቹን ያያቸው ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ስለ ገላቸው በማሰብ ከአእምሯቸው ከፊሉ ተወሰደ። ባልደረባችን ወደ መዝገብ ቤት ስትሄድ ሰነፈች ያልን ነበርን። ለካስ እያንዳንዱን ልኬት ስትለካ ሃያ ዓይን በጀርባዋ ተሸክማ ኖሯል።

ሕግስ ምን ይላል? ብዙዎቻችን ሕግ የለም ብለን እናስባለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ እንደማይቻል ደንግጓል። ስልክ በኪስ ከመያዙ በፊት የተጻፈ ሕግ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት እንዳይከሰስ ይፈቅድ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ይህን መሸሸጊያ ዘግቶበታል፤ ግርዛትንም በአንቀጽ 565 ወንጀል አድርጎታል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት የሰውን ክብር የሚያዋርድ ጽሑፍ ወይም ምስል ማሰራጨትን ያስቀጣል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 35 ለሴቶች የቆመ ነው። ሆኖም የግርዛት ሕግ በከምባታ ሥር የሰደደው ሸንጎው ስለ ቀደመው ነው። በወረቀት ላይ ያለ ሕግ ያለ ሰው ሸንጎ ሽቦው ያልተገናኘ ምሰሶ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት አሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየመሥሪያ ቤታችን የሠራተኛን ፎቶግራፍ ሳይፈቅድ ማንሣትና ማሰራጨት እንደ ማንኛውም የሥነ ምግባር ጥፋት በደንብ ይጻፍ፤ የደረሰባትም ሴት የምታመለክትበት፣ ቢያንስ አንዲት ሴት ያለችበት ኮሚቴ ይኑር። የሚዛወረው አጥፊው እንጂ ተበዳይዋ አትሁን። ሁለተኛ፣ ከእኛ መካከል ፕሮግራም የሚጽፉ፣ የሚያስተምሩ ሁሉ መሣሪያ ሲያቅዱ «ይህ ነገር በሴት ላይ ቢዞር ምን ያደርጋል?» የሚለውን ጥያቄ የኤሌክትሪክ መሥመር ሲዘረጋ ስለ መሬት ማያያዣው እንደሚጠየቀው ያህል ግዴታ አድርገው ይጠይቁ። ሦስተኛ፣ ዶክተር ቦጋለች ስለ ግርዛት የዘረጋችውን ዓይነት ሸንጎ እኛ ወንዶች ስለ ስልካችን እንዘርጋ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ ቡና በሚጠጣበት ሁሉ ተቀምጠን፣ ምን እንደምናይና ምን እንደምንልክ በግልጽ እንነጋገር። ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ቀላልም ከባድም የሆነ አንድ ተግባር አለው፤ ምስሉ ሲመጣ «ይህ ልክ አይደለም፤ ይነሣ» ብሎ መጻፍ። በዚያ ቀን ከሃያችን አንዱ ይህን አራት ቃል ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ያች መሐንዲስ ዛሬም በመስክ ላይ በኖረች።

ንግግሬን ከመዝጋቴ በፊት የቀረ አንድ ነገር አለ። ይህን ታሪክ እዚህ ከመናገሬ አስቀድሞ ወደ ባልደረባዬ ሄጄ፣ ያን ቀን «አላየሁም» ያልኋት ውሸት እንደ ነበር ነገርኋት። «አውቃለሁ፤ የሣቅህን ምልክት ከሌሎቹ ጋር አሳይተውኛል» አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አውቃ «እንደምን አደርህ» ስትለኝ ኖራለች። ታሪኩን በስብሰባ ላይ እንድናገር ፈቃዷን ስጠይቃት ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና በአንድ ነገር ብቻ ፈቀደችልኝ። «ምስሉ ምን ይመስል እንደ ነበር እንዳትገልጽ፤ ከገለጽኸው አዳራሹ ሁሉ እንደ ገና ያየኛል» አለች።

ቃሌን ጠብቄአለሁ። እናንተም ከዚህ ስትወጡ ያ ምስል ምን ይመስል ነበር ብላችሁ ሳታስቡ እንድትቀሩ አደራ እላለሁ።